ከገና ሜዳ እስከ ቶኪዮ
የሻምበል አበበ ቢቂላ የሩጫ ሕይወትና የሙያ ትርጉም

(በመንዝ ጓሳ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጓሳ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሸኖን፣ ቀጥሎም ደብረ ብርሃንን አልፎ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ ይታጠፋል። መንገዱ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ዛፉ እየሳሳ ይሄድና ጅብራውና የጓሳው ሣር ሜዳውን ይረከቡታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርሰው በዚህ ደጋ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ጥቂት እርምጃ ፈጠን ሲል ትንፋሹ ይቆራረጥበታል። የአገሬው እረኛ ግን በዚሁ ሜዳ ላይ በጎቹን ለመመለስ ሲሮጥ ይውላል።

የልደት በዓል ሲቃረብ በመንዝም ሆነ በሌላው የሸዋ ደጋ የገና ጨዋታ ይደምቃል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ የያዙ ጎረምሶች በሁለት ወገን ተከፍለው ከእንጨት ወይም ከቆዳ የተሠራችውን ሩር ወደ ባላጋራቸው ግብ ለማድረስ ይሯሯጣሉ። ሜዳው የተከለለ ወሰን የለውም፤ በአንዱ ግብና በሌላው መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ ከኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በዚህ ጨዋታ ሎሌው ጌታውን ቢመታ ጌታው እንደማይቆጣ የታወቀ ነው። የሚያሸንፈውም ጉልበት ብቻ ያለው ሳይሆን ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ትንፋሹን ቆጥቦ መሮጥ የሚችለው ነው።

ከጓሳ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ የጃማ ገባሮች የሰነጠቋቸውን ገደሎች ተሻግሮ፣ በመንዲዳ ከተማ አጠገብ ጃቶ የምትባል መንደር ትገኛለች። በዚህች መንደር ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከአቶ ቢቂላ ደምሴና ከወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያኑ ዕለት በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ጃቶ ውስጥ ግን ይህንን የሚያውቅም ሆነ ማራቶን የሚባል ነገር መኖሩን የሰማ ሰው አልነበረም ቢባል ከእውነት አይራቅም። ሕፃኑ አድጎ እንደ እኩዮቹ ከብት ጠበቀ፤ ገናም ተጫወተ። ይህ ልጅ ዓለም በኋላ ሻምበል አበበ ቢቂላ ብሎ ያወቀው ሯጭ ነው።

ስለ አበበ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ታሪኩ ግን በብዛት የሚተረከው እንደ ተአምር ነው። ማንም የማያውቀው ወታደር በባዶ እግሩ ሮማ ገብቶ ዓለምን አስደነቀ ይባላል። ይህ አነጋገር ለጆሮ ቢጥምም ጉዳት አለው። ተአምር ከሆነ የሚማሩት ነገር አይኖርም፤ ተአምር አይደገምምና። ሥራ ከሆነ ግን ይመረመራል፣ ይለካል፣ ለተከታዩ ትውልድም ይተላለፋል። ስለሆነም የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ባለሙያ የሌላውን ባለሙያ ሥራ በሚመረምርበት ዓይን የአበበን የሩጫ ሕይወት መመልከት ነው። እንዴት ተዘጋጀ? እንዴት አሸነፈ? ሲሸነፍስ ምን አደረገ? በመጨረሻስ ሙያው ከእርሱ ምን ወሰደበት?

ዝግጅት

አበበ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ሃያኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል ነበር። በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ ጦር በአምስተኛው እግረኛ ሬጅመንት ተቀጠረ። ክብር ዘበኛ በዚያ ዘመን ስፖርትን የወታደር ሥልጠና ዐቢይ ክፍል አድርጎ ይዞ ነበር። ወጣቱ ወታደር ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሩጫ ይመላለስ እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ያወሳል። ለዚህ ሥራ ጭብጨባም ሆነ ሽልማት አልነበረውም።

በጦር ኃይሎች ውድድር ላይ ስሙ መሰማት ሲጀምርም የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው እርሱ አልነበረም። የዘመኑ ዝነኛ ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ይቀድመው ነበር። ይህ ነጥብ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። አበበ ያደገው ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ሳይሆን ከእርሱ የሚበልጡ ሰዎች ባሉበት ሜዳ ላይ ነው። የሚቀድም ሰው በሌለበት ስፍራ የሚከተል ሰው ፍጥነቱን የሚለካበት መስፈሪያ አይኖረውም።

ሁለተኛው መስፈሪያ አሠልጣኙ ነበሩ። ትውልዳቸው ፊንላንድ፣ ዜግነታቸው ስዊድናዊ የሆኑት ኦኒ ኒስካነን ከጠላት ወረራ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በሥልጠና ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰው ነበሩ። ኒስካነን ሰዓት ይዘው፣ ርቀት ለክተው፣ የእያንዳንዱን ሯጭ ውጤት እያነጻጸሩ ያሠለጥኑ ነበር። የደጋው ልጅ ትንፋሽና ጽናት ከአሠልጣኙ መለኪያ ጋር የተገናኙት እንዲህ ነው።

የዚህ ግንኙነት ፍሬ በቁጥር ይታያል። አበበ የመጀመሪያ ማራቶኑን በሐምሌ ወር 1952 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሮጥ ርቀቱን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ በዚያው ከተማ ባደረገው ሁለተኛ ሩጫ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ወሰደበት። በአንድ ወር ውስጥ ከ18 ደቂቃ በላይ ተቀነሰ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሴኮንድ ነበር። አበበ ከዚህ ክብረ ወሰን የተሻለ ሰዓት ያስመዘገበው ደግሞ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው፣ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በሆነው ከተማ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሮማ ከመድረሱ በፊት ማስረጃው በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። ዓለም የተደነቀው ማስረጃ ስለጠፋ ሳይሆን ማስረጃውን ያየም ያመነም ሰው በማነሱ ነው።

ሮማ

የሮማው ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ውድድሩ ወደ ማታ በካፒቶል ኮረብታ ግርጌ ተጀምሮ በቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ እንዲያበቃ ተወስኗል። የመጨረሻው ክፍል የተሮጠው በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን ነበር።

ስለ ባዶ እግሩ ብዙ ተብሏል። ነገሩ ቀላል ነው። በሮማ የገዛው አዲስ ጫማ አልስማማ ብሎ እግሩን አቆሰለው፤ በአገሩ ደግሞ በጫማም ያለ ጫማም መሮጥ ለምዶ ነበር። በፈተና ዕለት ያልተሞከረ ዕቃ በተሞከረው ላይ እንደማይመረጥ ማንኛውም መሐንዲስ ያውቃል። በአንድ ወገን በውል የማይታወቅ ጫማ፣ በሌላው ወገን በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተፈተነ የእግር ቆዳ ነበር፤ አበበም የተፈተነውን መረጠ። ምርጫው የድህነት ምልክት ወይም ለተመልካች የታሰበ ትርዒት ተደርጎ መተረኩ ትክክል አይደለም። በቶኪዮ የተስማማው ጫማ ሲገኝ ያለ ምንም ማመንታት ጫማ አድርጎ መሮጡ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

አበበ በደረቱ ላይ የለጠፈው ቁጥር 11 ነበር። ከሁሉም በላይ ሊጠነቀቀው ይገባል የተባለው ተወዳዳሪ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆን ቁጥሩ 26 ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ራዲ ግን ለማራቶኑ የተሰጠውን ትቶ በ185 ቁጥር ሮጠ። አበበ 26 ቁጥርን በዓይኑ እየፈለገ፣ ባለ 185 ቁጥሩ ሰው ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቅ ከጎኑ ሆኖ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጓዘ። የደረሰው መረጃ ስሕተት ነበር፤ ዕቅዱ ግን አልተናጋም። የተቃዋሚው ማንነት ቢሰወርበትም የራሱን ፍጥነት ያውቅ ነበርና።

በመንገዱ መጨረሻ አካባቢ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ተወስዶ በሮማ የተተከለ ሲሆን ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ሯጮች እየተከታተሉ ወደ ሐውልቱ ሲቃረቡ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራዲ ሊከተለው አልቻለም። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሆኖ ተመዘገበ። የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ በ1950 ዓ.ም. በስቶክሆልም ካስመዘገበው ከዓለም ምርጥ ሰዓት የተሻለው በ0.8 ሴኮንድ ብቻ ነው። ራዲ ከ25.4 ሴኮንድ በኋላ ደረሰ። ይህ ልዩነት በመንገድ ሲሰላ 130 ሜትር ያህል ይሆናል። ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ ተሮጦ፣ አሸናፊና ተሸናፊ የተለዩት በ130 ሜትር ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ይህ ሁለተኛ ውጤት ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ ሰው ቢያሸንፍ ዕድል ሊባል ይችል ይሆናል፤ ሁለት ሰዎች ከአንድ የሥልጠና ሜዳ ወጥተው ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውስጥ ከገቡ ግን የሥልጠናው ሥርዓት ፍሬ ነው።

በማግስቱ ኢትዮጵያ 1953 ዓ.ም.ን በዚህ ዜና ተቀበለች። የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ በማግኘት አበበ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ።

ደመወዝና ሙያ

እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ ሕግ ጥቂት መናገር ያሻል። በዚያን ጊዜ በኦሊምፒክ መወዳደር የሚችለው በስፖርት ገንዘብ የማያገኝ ሰው ብቻ ነበር። ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበረ የአሜሪካዊው የጂም ቶርፕ ታሪክ ያሳያል። ቶርፕ በ1904 ዓ.ም. በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ሁለት የወርቅ ሜዳሊያዎችን አገኘ። ከዚያ በፊት ግን በ1901 እና በ1902 ዓ.ም. በአነስተኛ ቡድን ውስጥ ለጥቂት ክፍያ ቤዝቦል ተጫውቶ ነበር። ቤዝቦል እንደ ገና ጨዋታ ሁሉ በዱላና በኳስ የሚደረግ፣ በአሜሪካ ግን በዚያ ዘመን ጭምር የእንጀራ ሥራ የሆነ ጨዋታ ነው። ይህ በመታወቁ በ1905 ዓ.ም. ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ፤ ከዚያም በኒውዮርክ ጃያንትስ ቡድን ገብቶ ቤዝቦልን በግልጽ መተዳደሪያው አደረገ። ክብሩ የተመለሰለት ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አበበም የሮጠው በዚህ ሕግ ሥር ነው። ደመወዙ የወታደር ደመወዝ ነበር። ከሮማ ሲመለስ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ተሸልሞ የአስር አለቃነት ማዕረግ ተሰጠው፤ ይሁን እንጂ ኑሮው ከጦሩ ዕጣ ፈንታ ጋር የተቆራኘ ሆኖ ቀረ። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ ውስጥ የተጠነሰሰው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ አበበም ለጊዜው ከታሰሩት አንዱ ሆነ፤ ኋላም ተለቀቀ። ሜዳሊያው ከተገኘ ገና ሦስት ወር ያህል ነበር።

እንግዲህ አበበ በሕጉ አነጋገር «ባለሙያ» አልነበረም፤ በሩጫው የሚከፈለው ደመወዝ አልነበረምና። በአማርኛው አነጋገር ግን ከእርሱ የበለጠ ባለሙያ ማግኘት ያስቸግራል። አማርኛ «ሙያ በልብ ነው» ይላል። ሙያ የሚለካው በሚከፈለው ገንዘብ ወይም በሚነገረው ፉከራ ሳይሆን ሰው ለሥራው በሚያድረው ታማኝነት ነው ማለት ነው። ባለሙያ ማለት ማንም በማያይበት በሱሉልታ መንገድ ላይ ዓለም በሚያየው በሮማ አደባባይ ላይ እንደሚሠራው አድርጎ የሚሠራ ሰው ነው።

የሽንፈት ትምህርት

በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. አበበ በአቴንስ፣ በጃፓን ኦሳካና በቼኮዝሎቫኪያ ኮሺትሴ ተወዳድሮ ሦስቱንም አሸነፈ። ከዚያ ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. የቦስተን ማራቶን ቀን መጣ። አበበና ማሞ ወልዴ ከመነሻው ጀምሮ የውድድሩን ክብረ ወሰን በሚያስከነዳ ፍጥነት እየመሩ ገሰገሱ። ነገር ግን ቀዝቃዛው አየርና በመንገዱ የኋላ ክፍል ያሉት ኮረብታዎች ሁለቱንም አዳከሟቸው። የቤልጂጉ ኦሬል ቫንደንድሪሽ በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ አበበ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ አምስተኛ ሆነ። ማሞም አሥራ ሁለተኛ ወጣ።

በአበበ የሩጫ ሕይወት ውስጥ ጨርሶ የተሸነፈበት ዓለም አቀፍ ማራቶን ይህ ብቻ ነው። ሽንፈት ለሁለት ዓይነት ሰዎች ሁለት ዓይነት ነገር ይነግራቸዋል። አንደኛው የአየሩን ክፋት እየቆጠረ ሲያማርር ይኖራል፤ ሁለተኛው ስሌቱን እንደገና ይሠራል። በቦስተን የጠፋው ጉልበት ሳይሆን የጉልበት አከፋፈል ነበር። በመጀመሪያው ግማሽ ከልክ በላይ የወጣው ኃይል በመጨረሻው ግማሽ ታጣ። በቶኪዮ የታየው ሩጫ የዚህ ስሌት እርማት ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

ቶኪዮ

የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲቃረብ ያልታሰበ ችግር ደረሰ። በመስከረም ወር መጀመሪያ 1957 ዓ.ም. አበበ በልምምድ ላይ ሳለ ታመመ፤ ሕመሙ የትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለውድድሩ የቀሩት አምስት ሳምንታት ያህል ብቻ ነበሩ። ብዙዎች ተስፋ ቆረጡ። አበበ ግን ቁስሉ ሳይጠና እርምጃ፣ ቀጥሎም ዝግ ያለ ሩጫ እያለ ተዘጋጅቶ ወደ ጃፓን ተጓዘ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በተሮጠው ማራቶን ላይ መጀመሪያ መሪነቱን የያዘው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ነበር። የአየርላንዱ ጂም ሆጋንም ተከትሎታል። አበበ አልተቻኮለም። ከመንገዱ እኩሌታ አካባቢ ጀምሮ ግን ፊቱ ሳይለወጥ፣ ትከሻው ሳይናወጥ ብቻውን ወደ ፊት ወጣ። ከዚያ በኋላ ከእርሱ ጋር የሮጠው ሰዓቱ ብቻ ነበር። ስታዲዮም ሲገባ ተከታዩ ገና በመንገድ ላይ ነበር። መስመሩን አልፎ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ለማፍታታት ጂምናስቲክ መሥራት ሲጀምር ተመልካቹ በአድናቆት ጮኸ።

ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ነበር፤ አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት ማለት ነው። እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ በኋላ፣ ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያም ከሂትሊ 3.6 ሴኮንድ ዘግይቶ ደረሰ። በሮማ 130 ሜትር ያህል የነበረው ልዩነት በቶኪዮ ወደ 1,280 ሜትር ገደማ አደገ። በሮማ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ የሮጠው ሰው በቶኪዮ በ3 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ሮጠው። በአንድ ኪሎ ሜትር የተገኘው 4 ሴኮንድ ገደማ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ በ42 ኪሎ ሜትር ሲባዛ ግን ከ3 ደቂቃ በላይ ሆነ። ታላቅ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ላይ ትንሽ በመቆጠብና ያንን ትንሽ እስከ መጨረሻው ባለማባከን።

በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው አበበ ነው። ሜዳሊያውን ሲቀበል የሙዚቃው ጓድ የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ስላላወቀው የጃፓንን መዝሙር እንዳሰማ ይነገራል። አሸናፊው ተዘጋጅቶ ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን ለእርሱ አሸናፊነት አልተዘጋጁም ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስም የመቶ አለቃነት ማዕረግ ተሰጠው፤ ካገኛቸው ሽልማቶች መካከልም አንዲት ቮልስዋገን መኪና ነበረች።

ሜክሲኮና ሸኖ

ከቶኪዮ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ያህል አበበ በጃፓን፣ በስፔንና በደቡብ ኮሪያ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1959 ዓ.ም. ክረምት ግን በስፔን ዛራውዝ ሲሮጥ እግሩ ተጎድቶ ውድድሩን አቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያ እግር እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ሆኖም ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ማራቶን ሲጀመር አበበ ከተሰለፉት መካከል ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ የግራ እግሩ አላንቀሳቅስ ስላለው አቆመ። ድሉን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ወስዶ ለኢትዮጵያ በተከታታይ ሦስተኛ የማራቶን ወርቅ አስገኘ።

ይህን ምዕራፍ አድንቆ ብቻ ማለፍ አይገባም። መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ድልድዩ የሚሸከመውን ክብደት አስቀድሞ ይወስናል፤ ከዚያ በላይ የጫነ ሰው ጥፋቱን በድልድዩ ላይ አያሳብብም። የሰው አካልም ልክ አለው። የታመመውን እግር ይዞ ወደ ውድድሩ የገባው አበበ ጽኑ ሰው መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አገር የአንድ ሰው እግር ላይ ተስፋዋን ሁሉ ከጣለች ያ ሰው «ደክሞኛል» ለማለት ነጻነት አይኖረውም። በዚያች ቀን ማሞ ወልዴ ባይኖር ኖሮ ምን ይባል ነበር? በሜክሲኮ ኢትዮጵያን የታደጋት ሁለተኛ ሰው ተዘጋጅቶ መገኘቱ ነው። ታላቅ ሰው ያላት አገር ዕድለኛ ናት፤ ተተኪ ያላት ግን ብልህ ናት።

ከዚያ አምስት ወር ያህል እንዳለፈ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ በሻምበልነት ማዕረግ ላይ የነበረው አበበ ቮልስዋገኑን ሲያሽከረክር በሸኖ አካባቢ መኪናዋ ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከውስጧ አልወጣም። ዛሬ ወደዚህ ጉባኤ የመጣ ሁሉ ያን ስፍራ አቋርጦ ነው የመጣው። አበበ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ቢታከምም ከወገቡ በታች ያለው ሰውነቱ ዳግም አልታዘዘለትም። ሰላሳ ሰባተኛ ዓመቱን ገና አልደፈነም ነበር።

የአበበ ሙያ በእግሩ ላይ ብቻ የነበረ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ግን በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚደረግ የተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። በደጋ ተወልዶ በእግሩ ዓለምን ያዳረሰ ሰው፣ እግሩ ሲከዳው በክንዱ ጀመረ። «ሙያ በልብ ነው» የተባለው ለዚህ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. የሚዩኒክ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በክብር እንግድነት ተገኝቶ ነበር። የሮማው ድል በዚያው ዕለት አሥራ ሁለት ዓመት ደፈነ። አሸናፊው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ማሞ ወልዴም በዚያ ውድድር ሦስተኛ ወጥቷል።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት በተወለደ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኘ፤ ለአገሪቱም የሐዘን ቀን ታወጀ።

መደምደሚያ

ክቡራትና ክቡራን፣

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሲጠቃለል ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛ፣ ድሉ ከመድረሱ በፊት በሥራ ተዘጋጅቶ ነበር። ከፍታው አየር ረድቶታል፤ ነገር ግን በዚህ ከፍታ የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ሲሆን ሮማ የደረሰው አበበ ነው። ተፈጥሮ የሰጠችውን ሥልጠና፣ ሰዓትና መዝገብ ካልጨመሩበት እንደ ወራጅ ውኃ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ ዱካው ተከታይ አግኝቷል። በላይነህ ዲንሳሞ በ1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ2001 ዓ.ም. መስከረም በበርሊን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ በመሮጥ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብረዋል። በኦሊምፒክም ፋጡማ ሮባ በአትላንታ፣ ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ፣ ቲኪ ገላና በለንደን፣ ታምራት ቶላም በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ የማራቶን ወርቅ አምጥተዋል። ተአምር አይደገምም፤ ይህ ግን ተደግሟል። ስለዚህ ሥራ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። ለመሣሪያው የጥገና መርሐ ግብር የሚያወጣ ባለሙያ ሁሉ ለሰውም ሊያወጣ ይገባዋል። ጎበዙን እስኪሰበር ድረስ ማሠራት፣ ከተሰበረም በኋላ በቀብሩ ላይ በብዛት መገኘት የአክብሮት ሙሉ ትርጉም አይደለም። ክብሩ ሰውየው ቆሞ ሳለ፣ ሕመሙን ሲናገር በመስማትና አጠገቡ ተተኪ በማቆም ይጀምራል። ይህም ለሯጭ ብቻ ሳይሆን በየግንባታው ሥፍራ፣ በየፋብሪካውና በየቢሮው ላለው ሠራተኛ ሁሉ የሚሠራ ሕግ ነው።

ዛሬም ታኅሣሥ ሲገባ በዚህ ደጋ ላይ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሩር ያሳድዳሉ። ከእነርሱ መካከል ማን ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። በጃቶ ሜዳ ላይ ገና ሲጫወት የነበረውንም ልጅ በዚያን ጊዜ ያወቀው አልነበረም። ልጁ ሲሮጥ አይቶ ሰዓት የሚይዝለት፣ ሲደክም አይቶ «ይብቃህ» የሚለው ሰው መኖሩ ግን ለዕድል መተው የለበትም። ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ ሸኖ ላይ ስትደርሱ ይህ ይታሰባችሁ።